የእርግብ ጫጩቶች በሁለተኛው ሳምንት ለምን ይሞታሉ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሱሉልታ ነው። ከከብቶቼ ጎን ለጎን ግቢዬ ውስጥ 12 ጥንድ እርግብ አረባለሁ። እንቁላል ይጥላሉ፣ ይታቀፋሉ፣ ይፈለፍላሉም። ጫጩቶቹ ግን ሳምንት አልፏቸው ላባ ማውጣት ሲጀምሩ አንድ በአንድ ይሞቱብኛል። የአንዳንዶቹ አፍ ውስጥ ቢጫ ነገር አይቻለሁ፤ ሌሎቹ ግን ምንም ሳይታይባቸው ጠዋት ድርቅ ብለው አገኛቸዋለሁ። የምሰጣቸው በቆሎና የተረፈ እንጀራ ነው። አንድ ጫጩት ደግሞ እናቱ ሞታ አባቱም ትቶታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ችግር ሁለት ነው፤ ለየብቻ መታየት አለበት። አፋቸው ውስጥ ቢጫ ነገር የታየባቸውን የገደላቸው በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ምንም ሳይታይባቸው ጠዋት ደርቀው የሚገኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ብርድ የገደላቸው ናቸው። የእርግብ ጫጩት እንደ ዶሮ ጫጩት በተፈለፈለ ማግሥት እየሮጠ አይለቅምም። ዐይኑ ሳይከፈት፣ ከ15 እስከ 18 ግራም እየመዘነ ይወጣና እስከ አራት ሳምንት ድረስ የሚበላውም የሚሞቀውም በእናትና አባቱ ነው። ስለዚህ ጫጩቱን ለማዳን መጀመሪያ ትልልቆቹን እርግቦች መንከባከብ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ጫጩት ሲሞት ወዲያው አይጣሉት። ጓንት አድርገው በአንገቱና በደረቱ መካከል ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣትዎ ይዳብሱ። እህል ሞልታ ካገኟትና አፉ ንጹሕ ከሆነ ጫጩቱ በልቶ አድሮ በብርድ ሳይሞት አልቀረም። ባዶ ከሆነችና ደረቱ ላይ ያለው አጥንት ሾልኮ ከወጣ ወይ ወላጆቹ አልመገቡትም፣ ወይ መዋጥ አቅቶት ነበር። በፈሳሽ ተወጥራ ኮምጣጣ ሽታ ካላት ምግቡ እዚያው ተብላልቷል። ቀጥለው መንጋጋውን ከፍተው በስልክዎ መብራት ከምላስ ሥር እስከ ጉሮሮ ይመልከቱ። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ያለ ምክንያት መድኃኒት ከመግዛት ያድናል።

አይብ የመሰለ ቢጫ ክምችት ካዩ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ትሪኮሞናስ የሚባለው በዐይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። በርካታ ትልልቅ እርግቦች ሳይታመሙ በጉሮሯቸው ይዘውት ይኖራሉ። ጫጩቱ በተፈለፈለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመገበው እናትም አባትም ከምግብ ከረጢታቸው ግድግዳ የሚያመነጩትን የእርግብ ወተት ብቻ ስለሆነ ተሕዋሱን የሚቀበለው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ነው። እየበዛ ሄዶ ጉሮሮውን የሚዘጋው በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ እርስዎ ያዩትም ይህንኑ ይመስላል። ጫጩቱ እየጮኸ ምግብ ይለምናል፣ መዋጥ ግን አይችልም፤ ይከሳል፤ ኩሱ አረንጓዴና ውሃማ ይሆናል። ቢጫውን ነገር በእንጨትም በጥጥም ፍቀው ለማንሳት አይሞክሩ። ከሥሩ ያለው ሥጋ ይደማል፣ ጫጩቱም በመድማት ሊሞት ይችላል።

ሕክምናው ሜትሮኒዳዞል ነው። የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ግራም ሆኖ በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል፤ ከመጀመርዎ በፊት ግን የወረዳዎን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። አንድ ባለ 250 ሚሊ ግራም እንክብል አድቅቀው ፈልቶ በቀዘቀዘ 25 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢበጠብጡት እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። 350 ግራም የምትመዝን እርግብ 1.75 ሚሊ ሊትር፣ 150 ግራም የሚመዝን ጫጩት 0.75 ሚሊ ሊትር ይደርሳቸዋል። ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በእያንዳንዱ ጊዜ በደንብ ይነቅንቁት። ክብደቱን በግምት አይተዉት፤ በወጥ ቤት ሚዛን ይለኩ። መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ በአፉ ጎን አስገብተው ከምላሱ ኋላ ያፍስሱ፤ ምላሱ ሥር ያለችው ቀዳዳ የአየር ቧንቧ ናትና እዚያ ከገባ ያንቀዋል። ሁሉንም ትልልቅ እርግቦች፣ ጤነኛ የሚመስሉትንም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ያክሙ። የታመመውን ብቻ እየለዩ ማከም ወይም በሦስተኛው ቀን ማቋረጥ ተሕዋሱን መድኃኒቱን ከማለማመድ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ይህ መድኃኒት በብዙ አገሮች ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ የተከለከለ ስለሆነ ያከሟቸውን እርግቦች ለምግብ አያውሉ።

መድኃኒቱ ብቻውን ግን ለጥቂት ሳምንታት ነው የሚያስተነፍስዎ። ተሕዋሱ ከእርግብ ወደ እርግብ የሚሻገረው በዋነኛነት በውሃ ነው፤ መድረቅን ደግሞ አይችልም። ሁለት የውሃ ዕቃ ይኑርዎት፤ አንዱ በሥራ ላይ ሲሆን ሌላው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይዋል። ውሃው በየጠዋቱ ይቀየር፤ የዱር እርግብና ዋኔ ከዚያው እንዳይጠጡ ዕቃውን ቤቱ ውስጥ ያድርጉት። ከገበያ የሚገዙትን አዲስ እርግብ ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻ ያቆዩ። ዶሮ ካለዎትም ቤታቸው ይለያይ፤ በተለይ ፈንግል ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል። እናትና አባት እንቁላሉንም ጫጩቱንም እየተፈራረቁ ያቅፋሉ፤ ወንዱ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቷ ከዚያ እስከ ነገ ጠዋት። ጫጩቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ሲሆነው ግን ሌሊት ማቀፉን እየተዉ ይሄዳሉ። በዚያ ጊዜ ላባው ገና ከሽፋኑ ስላልወጣ ሰውነቱ ራቁቱን ነው። ጎጆ ውስጥ ሁለት ሆነው ተጣብቀው ካደሩ ይተርፋሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ሞቶ ብቻውን የቀረ ግን ለብርድ ይጋለጣል። በዕድሜ ከሁለት ቀን በላይ የማይበላለጥ ሌላ ብቸኛ ጫጩት ካለ ሁለቱን በአንድ ጎጆ ያድርጓቸው፤ ወላጆች በዚህ ዕድሜ የሌላውን ጫጩት እንደ ራሳቸው ይቀበላሉ። ታዲያ ይህን የሚያደርጉት ሁለቱም አፋቸው ንጹሕ መሆኑን ካዩ በኋላ ብቻ ነው።

ለጎጆው ከሸክላ ጣባ የተሻለ ነገር አያስፈልግዎትም። ስፋቱ ከ20 እስከ 25፣ ጥልቀቱ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከታች ሁለት ጣት ያህል ሰጋቱራ፣ ከላይ ደረቅ ጭድ አድርገው ቀሪውን ለእርግቦቹ ይተዉላቸው፤ ጭራሮና ጭድ መሬት ላይ ቢበትኑላቸው ወንዱ ራሱ እየለቀመ ለሴቷ ያመጣላታል። ልሙጥ ሳህን ወይም ባዶ ካርቶን አይጠቀሙ፤ እግሩን የሚያስደግፍበት ያጣ ጫጩት ሁለት እግሩ ወደ ጎን ተበርግዶ ሽባ ሆኖ ይቀራል። ጭዱ ሲረጥብ ይቀየር። እርጥብ ጎጆ ከባዶ ጎጆ የባሰ ያቀዘቅዛል።

ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሳይሆን ሁለት ጣባ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጫጩቶቹ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው ሴቷ እንደገና ትጥላለች፤ የትልልቆቹ ምግብ በአብዛኛው በአባት ላይ ይወድቃል። ጎጆው አንድ ብቻ ከሆነ ትልልቆቹ ጫጩቶች አዲሱን እንቁላል ይረግጡታል፣ በኩስ ይለውሱታል። በኮምፔንሳቶ የተሠራ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ከፍታና 40 ጥልቀት ያለው ሣጥን በሁለት ጫፉ ሁለት ጣባ ይይዛል። ለ12 ጥንድ 12 እንደዚህ ዓይነት ሣጥን ይሥሩ፤ ጥንድ የሌለው ወንድ ካለም ያውጡት፤ የሌላ ጥንድ ጎጆ ውስጥ እየገባ እንቁላል ያሰብራል። የቤቱ ፊት ለጠዋት ፀሐይ ይሁን። አየር ከጣሪያው ሥር በሽቦ ወንፊት ይግባ፤ ጎጆዎቹ ባሉበት ከፍታ ላይ ግን ንፋስ የሚያስገባ ስንጥቅ አይኑር። ወንፊቱ አይጥ የማያሳልፍ ጠባብ ዐይን ያለው ይሁን፤ በሩም ሸለምጥማጥ የሚገባበት ቀዳዳ አይኑረው።

የምግቡ ነገር በጣም ያሳስበናል። በቆሎ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ እንጀራ ደግሞ ውሃና ኮምጣጣ ስለሆነ የጫጩቱን ከረጢት ሞልቶ ሳያሳድገው ይቀራል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱን ደጋግሞ የሚያጥፍ ፍጥረት ስለሆነ ወላጆቹ ጥራጥሬ ማግኘት አለባቸው። ለ10 ኪሎ 3 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 2 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ ማሽላ እና 3.5 ኪሎ አተር ቢቀላቅሉ ፕሮቲኑ 14 ከመቶ ግድም ይሆናል። ጓያ ርካሽ ቢሆንም ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ስላለው አይጨምሩት። ሻጋታ የነካው በቆሎ ታጥቦም ደርቆም አይድንም፤ ይጣል። ጫጩት የሌላት እርግብ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም ትበላለች፤ ሁለት ጫጩት የያዘ ጥንድ ግን ጫጩት የሌለው ጥንድ ከሚበላው እጥፍ ግድም ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለሁለት ከፍለው ይስጡ፤ የማታው በተለይ አይጓደል። ጫጩት ከረጢቱ ሞልቶ ካደረ ብርዱን ይቋቋማል።

እርግብ ጥርስ ስለሌላት እህሉን የምትፈጨው በዋጠችው ጠጠር ነው፤ የእንቁላሉ ቅርፊትም ካልሲየም ይፈልጋል። ፈልቶ የደረቀና የተደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት 500 ግራም፣ ሻካራ የወንዝ አሸዋ 400፣ ደቃቅ ከሰል 60 እና ጨው 40 ግራም ቀላቅለው በትንሽ ዕቃ ሁልጊዜ ያኑሩላቸው።

እናቱ ለሞተችበት ጫጩት የመጀመሪያው አማራጭ ከላይ እንዳልነው ሌላ ጥንድ ሥር ማስገባት ነው። ከ5 ቀን በታች ከሆነ ከዚህ ሌላ መንገድ እምብዛም አይሳካም። ከ7 ቀን በላይ ከሆነ ግን በእጅ ማሳደግ ይቻላል። ቀዝቃዛ ጫጩት በፍጹም አይመገብ፤ ምግቡ አይፈጭለትም። የሞቀ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ጎኑ ያስቀምጡና ሲሞቅ ይመግቡት። ለምግቡ የተከካ አተር ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት በጣም እስኪልም ቀቅለው ከበሰለ የእንቁላል አስኳል ጋር ይጭመቁት። የሽሮ ዱቄት ቅመም ስላለው አይሆንም፤ የላም ወተትም ወፎች ስኳሩን መፍጨት ስለማይችሉ አይሰጥም። ሙቀቱ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ከረጢቱን ያቃጥለዋል።

የእርግብ ጫጩት አፉን ከፍቶ አይጠብቅም፤ ምንቃሩን በወላጁ አፍ ውስጥ ከትቶ ነው የሚመጠው። ስለዚህ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፉን ቆርጠው ጠርዙን ያለስልሱት፤ የተቆረጠውን አፍ በጎማ ጓንት ጣት ይሸፍኑና በላስቲክ አስረው መሐሉን ቀዳ ያድርጉት። ምንቃሩን በቀዳዳው ሲያስገቡለት ራሱ ይበላል። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ከረጢቱ ለስለስ ብሎ እስኪሞላ ብቻ ይስጡ፤ ተወጥሮ እስኪጠነክር አይጠብቁ። የቀደመው ሳይወርድ ሌላ አይጨመር። ከ28 እስከ 35 ቀን ሲሆነው፣ ክንፉን ገልጠው ሲያዩ ከሥሩ ራቁት ቦታ ከሌለና ራሱ እየለቀመ ውሃ ሲጠጣ ካዩት፣ ከዚያ በኋላ ይለዩት።

የእርግብ ቤት ሲጠርጉ ኩሱን በውሃ ረጭተው፣ ማስክ አድርገው ይሁን፤ ደረቁ አቧራ የሰው ሳንባ ይጎዳል። አንገቱ የሚጠማዘዝ ወይም ወደ ኋላ የሚወድቅ እርግብ ካዩ፣ ወይም ባንድ ጊዜ ብዙ ከሞቱብዎ በግምት አይታከምም። ያን ጊዜ ገና የሞተውን እርግብ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው፣ በረዶ ጎን አድርገው፣ ፍሪዘር ግን ሳያስገቡ፣ በወረዳዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርሱት። መቼ እንደሞተ፣ ምን ይበላ እንደነበረና ምን መድኃኒት እንደተሰጠው በወረቀት ጽፈው ከላዩ ያያይዙ።