መልስ፦ በማይክሮስኮፕ የታየው አሜባ በፒሲአር ለምን ጠፋ?

ሰገራ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያየኸውን አሜባ በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ለምን እንዳጣኸው ጠይቀሃል። ጥፋቱ የፒሲአሩ ሳይሆን የፎርማሊኑ (የናሙና ማቆያ ኬሚካሉ) ይመስለኛል። ማሌዥያ ውስጥ ከኦራንግ አስሊ (የአገሩ ነባር ሕዝቦች) መንደሮች የሰበሰብከውን ሰገራ በ10% ፎርማሊን እንዳቆየኸው ጽፈሃል። ፎርማሊን ሲስቱን (ጠንካራ ሽፋን ያለውን የአሜባ ቅርጽ) ለማይክሮስኮፕ አሳምሮ ያቆያል፤ ዲኤንኤውን ግን ይቆራርጠዋል፣ ከፕሮቲን ጋርም ያጣብቀዋል። ጄሉ ላይ ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ የሚታይበትን መስመር) ያጣኸው ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርግ፦

1. ከቻልክ አዲስ ናሙና ውሰድና ለሁለት ክፈለው። ለማይክሮስኮፕ የሚሆነውን ፎርማሊን ውስጥ፣ ለፒሲአር የሚሆነውን 70% ኢታኖል ውስጥ አድርግ። ፍሪጅ በሌለበት መንደር ኢታኖል ይገላግልሃል። 2.5% ፖታሲየም ዳይክሮሜትም ይሆናል፤ መርዝ ስለሆነ ጓንት እንዳትረሳ።

2. ዲኤንኤ ከማውጣትህ በፊት ማቆያው ኬሚካል እንዲለቅ ናሙናውን ደጋግመህ እጠብ።

3. አሁንም ባዶ ከሆነ ያወጣኸውን ዲኤንኤ 10 እጥፍ አቅጥነህ ድገመው። ሰገራ ውስጥ ፒሲአርን የሚያፍን ነገር ሞልቷል። ሲቀጥን ባንዱ ብቅ ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ፕራይመርህ (ፒሲአሩ የትኛውን ዲኤንኤ እንደሚያባዛ የሚወስነው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) የሚይዘው በሽታ አምጪውን አሜባ ሂስቶሊቲካን ብቻ ከሆነ፣ ባዶ ውጤት «አሜባ የለም» ማለት አይደለም። የሌሎቹ ሁለት አሜባዎች፣ የዲስፓርና የሞሽኮቭስኪ፣ ሲስትም እንደ ሂስቶሊቲካ ባለ አራት ኒውክለስ ነው፤ በዓይን አይለይም። ሦስቱንም ለየብቻ የሚያሳይ ፕራይመር ተጠቀም።

ይህን ሳታጣራ ለመንደሩ ሰዎች «ሂስቶሊቲካ ተገኘባችሁ» እንዳትል። ዲስፓር ብቻ ያለበት ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። እኛም አገር እኮ ሲስት ታየ ተብሎ ሜትሮኒዳዞል (የአሜባ መድኃኒት) የሚታዘዝለት ሰው ጥቂት አይደለም።