6,831 ሴሎች እና አንድ ደብተር

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነው። «ጋሼ፣ አንድ የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና በርካሽ አግኝተናል። ባትሪውን አውጥተን ትልቅ ብናስገባለትስ?» አለኝ። ጉጉቱ ገባኝ። በእሱ ዕድሜ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በስልክ ጥቂት ነገር ነገርኩት፣ ግን አልበቃኝም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይኸው ጥያቄ ያላችሁ ልጆች ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ የጀመርኩት ሶማሌ ተራ ነው። ያኔ የምናውቀው 12 ቮልት ነበር፣ የጭነት መኪና ከሆነ 24። የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ የባትሪ ፖዘቲቭ ስፈታ ቀለበቴ በቁልፉና በቦዲው መሀል ገባ። ወዲያው ፍም መሰለ። ጠባሳው 40 ዓመት አልፎትም ጣቴ ላይ አለ። ያ እንግዲህ 12 ቮልት ነው። አሁን የማወራችሁ ባትሪ ሲሞላ 415 ቮልት ይደርሳል።

እዚህ ቨርጂኒያ፣ አብሮኝ ከሚሠራ አንድ ልጅ ጋር፣ ኢንሹራንስ ጨረታ ላይ ያወጣትን አሮጌ ቴስላ ሮድስተር፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና፣ ገዛን። የመጀመሪያዋን ዓይነት ማለቴ ነው፤ ከ2008 እስከ 2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራችውን። ሎተስ ኤሊዝ የምትባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሻንሲ መነሻ አድርገው ነው የሠሯት። በጠቅላላው የተመረተው 2,450 ገደማ ብቻ ነው። ባትሪዋ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ነው፣ 450 ኪሎ ይመዝናል፣ ውስጡ 6,831 ትንንሽ ሴሎች አሉ። እያንዳንዷ ሴል 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት አላት፤ የድሮ ላፕቶፕ ባትሪ ከፍታችሁ ካያችሁ ታውቋታላችሁ። 69 ሴሎች ጎን ለጎን ተያይዘው አንድ ብሪክ ይሆናሉ። 9 ብሪክ በተከታታይ አንድ ሞጁል፣ 11 ሞጁል ደግሞ ሙሉውን ባትሪ ይሠራል። በአጠቃላይ 99 ብሪክ። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰልቬጅ፣ ማለትም ተጎድታ ኢንሹራንስ የሸጣትን መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ምን ነካት? ግጭት ከሆነ የት ጋ? የእኛዋ ከፊት ነው የተመታችው፣ ባትሪው ጋ አልደረሰም። ጎርፍ የገባባትን፣ በተለይ የጨው ውሃ የነካትን ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሀሪኬን ኢያን የተባለው ማዕበል ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ፣ ባሕር ውሃ ውስጥ የቆዩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደርቀው ከቆሙበት በራሳቸው ተቃጥለዋል። አንዳንዱ በቀናት፣ አንዳንዱ በሳምንታት። ጨው ውስጥ ለውስጥ እየበላ ሾርት ያደርጋል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ከቤትና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ርቆ ይቁም ይላሉ። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ይህን አስቡት።

የእኛዋ ችግር ሌላ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቻርጅ ሳይደረግ ቆማ ባትሪው ጭራሽ ወርዷል። ልጁ «ቀስ አድርገን ቻርጅ ብንሰጠው ይነሳ ይሆናል» አለኝ። ብዙ ተከራከርን። ሊቲየም ሴል ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ሲቆይ ውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል ይሟሟል። እንደገና ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ ተመልሶ ይጋገርና ሴሉን ከውስጥ ሾርት ያደርገዋል። ለጊዜው የዳነ ይመስላችኋል። ከዚያ አንድ ሌሊት ጋራዡን ያቃጥላል። የሞተ ሊቲየም ባትሪ የሚቀሰቅስ ብልሃት አለኝ ብሎ የሚያሳያችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ አትስሙት።

ስለዚህ ሁሉንም ሴል ለመቀየር ወሰንን። ፋብሪካው ራሱ በ2014 መጨረሻ፣ እሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለዚህች መኪና አዲስ ባትሪ አስተዋውቆ ነበር። የድሮው 53 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ የአዲሱ በዚያው ስፋት ወደ 70 ደረሰ። ሚስጥሩ ባትሪውን ማስፋት አይደለም። የሴሉ መጠን ሳይቀየር ውስጡ የሚይዘው ኃይል በዓመታት ውስጥ አድጓል። የድሮዋ ሴል 2 አምፔር ሰዓት ትንሽ አለፍ ብላ ትይዛለች፤ ዛሬ በዚያው መጠን 3.4 የምትይዝ ትገኛለች። 69 ጎን ለጎን፣ 99 በተከታታይ ብላችሁ ከሴሏ ቮልት ጋር አባዙት፤ በወረቀት ላይ ከ80 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። የተከታታዩን ቁጥር ግን አትንኩ። ቻርጀሩም፣ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተርም፣ ባትሪውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም ለ99 የተሠሩ ናቸው።

ከመፍታታችን በፊት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል በሙሉ ወለቀ። የማዕተብ መስቀሌ ብረት ስለሆነ እሱንም አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል የጎማ ጓንት፣ ከላዩ የቆዳ ጓንት። የጎማውን በየቀኑ ጠቅልላችሁ አየር አስይዙት፤ ከተነፈሰ ይጣል። ዋናውን ማቋረጫ ካወጣችሁ በኋላ ኢንቨርተሩ ውስጥ ኃይል አጠራቅመው የሚይዙት ካፓሲተሮች እንዲራገፉ ጠብቁ። ከዚያ ለኩ። ግን መለኪያውን አስቀድማችሁ በምታውቁት ባትሪ ሞክሩት፣ ለኩ፣ ከለካችሁ በኋላም በዚያው ባትሪ መልሳችሁ ሞክሩት። መሀል ላይ ገመዱ ተበጥሶ «ዜሮ» ያነበበ መለኪያ ሰው ይገድላል። ብቻችሁን ደግሞ አትሥሩ። መኪና ይጠፋል፣ ባትሪ ግን ማጥፊያ የለውም። ማቋረጫው ከመኪናው ይለየዋል እንጂ ውስጡ ያለው ኃይል እዚያው አለ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ልቡ እሱ ነው። 7,000 ሴል ገዛን። እያንዳንዷን ቁጥር ሰጠናት። ቮልቷንና የውስጥ ሬዚስታንሷን ለካን፣ ጻፍን። ከዚያ ሦስት ሳምንት ምንም ሳንነካት ተውናት። ልጁ በየቀኑ «መቼ ነው የምንገጥመው?» ይለኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና ለካን። ሳትነካ የወረደች ሴል ካለች በራሷ የምታፈስ ናት። 69 ሆነው ጎን ለጎን ሲያያዙ፣ አንዷ የምታፈስ ካለች 68ቱን ይዛ ትወርዳለች። ያ ብሪክ ከወረደ ደግሞ ቀሪዎቹ 98 ብሪኮች ሙሉ ቢሆኑም ኮምፒውተሩ መኪናዋን ያቆማታል። ልክ ነው፣ ማቆም አለበት። 41 ሴሎች ጣልን። ከ7,000 ውስጥ 41 ምንም አይመስልም። ሳንጠብቅ ገጥመን ቢሆን ግን እነዚያ 41 በየብሪኩ ተበትነው ባትሪውን በሙሉ ያበላሹት ነበር።

ብየዳውን እኛ አልሠራነውም። እያንዳንዷ ሴል ፊውዝ በሚሆን ቀጭን ሽቦ ነው የምትያያዘው። አንዷ ሾርት ብታደርግ ሽቦዋ ተቃጥሎ ከጓደኞቿ ትለያለች። ያንን በቤት መበየጃ መሞከር አይገባም። ማሽኑ ያለው ሰው ጋ ወስደን ከፈልን። ገንዘቡ ቆጭቶኝ አያውቅም።

አደጋው የደረሰው መልሰን ስንገጥም ነው። ሰባተኛው ሞጁል ላይ ነበርን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። «ዛሬ እንጨርሰው» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ደክሞታል። ፕላስቲክ የለበሰውን ቁልፍ ማዶ ትቶት ስለነበር አጠገቡ ያለውን ባዶ ቁልፍ አነሳ። ቁልፉ ከእጁ አምልጦ በሁለቱ ጫፎች ላይ አረፈ። አንድ ሞጁል ብቻውን 37 ቮልት ቢሆን ነው፣ ሰው አያነዝርም። የሚለቀው አምፔር ግን ብረት ያቀልጣል። ነጭ ብርሃን ብልጭ አለ፣ ቁልፉ ጫፉን አጣ፣ የቀለጠው ብረት የልጁ መነጽር ላይ ተረጨ። መነጽሩ ባይኖር ዓይኑ አይኖርም ነበር። የዚያን ምሽት ቤቱ አድርሼው እናቱ በሩን ስትከፍት ፊቷን ለማየት አቃተኝ። አደራ የሰጠችኝ ልጇን ነው። ከዚያ ወዲህ ባትሪ በተከፈተበት ጋራዥ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ማንም ቁልፍ አያነሳም።

ስለ ቀሪው ባጭሩ። ክብደት አስቡ፤ ሴሏ 3 ግራም ብትጨምር በ6,831 ሲባዛ 20 ኪሎ ነው፣ እንዲህ ባለች ትንሽ መኪና ላይ ከኋላ ይታወቃል። ለኮምፒውተሩም አዲሱን አቅም ንገሩት፣ አለበለዚያ ጌጁ በድሮው ሂሳብ እያነበበ መንገድ ላይ ያሳፍራችኋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊቲየም ቻርጅ አይደረግም። እዚህ ቨርጂኒያ ክረምቱ ያስተምራችኋል፤ አዲስ አበባ ያላችሁ ግን በዚህ ብዙ አትቸገሩም።

መኪናዋ አሁን ትሄዳለች። ልጁ ነው የሚነዳት። ደብተሩ ግን አልተዘጋም። ከ99ኙ ብሪኮች 47ኛው ከሌሎቹ 8 ሚሊቮልት ዝቅ ብሎ ይቆያል። ባለፈው ወርም 8 ነበር፣ ከዚያ በፊትም 8። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከልጁ ጋር ቡናችንን ይዘን ጋራዥ እንገባለን። እሱ ይለካል፣ እኔ እጽፋለሁ።