«በየ8 ሰዓቱ» እና ሌሎች ጥፋቶቼ

የእህቴ ልጅ ባንክ ነው የሚሠራው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ቁጭ ብለን «ሥራዬን ልለቅ ነው» አለኝ። ምነው ስለው፣ «ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥርና ማህተም ስመታ ነው የምውለው። ለሰው የሚጠቅም ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። አንድ ኤንጂኦ ነገር ብገባስ?» አለ። እናቱ ደነገጠች። እኔ ሳቄ መጣ። ልጁን ንቄው አይደለም። በእሱ ዕድሜ እኔም ያው ነበርኩ። መልካም ሰው መሆን ሌላ ቦታ፣ በሌላ ጊዜ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር። ልመልስለት ስል በረካው ሳይደርስ እንግዳ መጣና ወሬው ተቋረጠ። እንግዲህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ለምታስቡ ልጆችም በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው።

ፋርማሲስት ነበርኩ። 34 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር፣ አይደለሁም ማለት ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ትምህርት እንደጨረስኩ በእጣ የደረሰኝ ቆላ ያለ አንድ ሆስፒታል ነው። ሙቀቱ አይጣል ነበር። እዚያ በገባሁ በጥቂት ወራት አንድ አባት የታመመ ልጁን አዝሎ መጣ። ሐኪሙ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ አዞለታል። ዱቄቱን በውሃ በጠበጥኩ፣ ጠርሙሱን ነቀነቅሁ፣ ወረቀቱ ላይ «5 ሚሊ በየ8 ሰዓቱ» ብዬ ጻፍኩ፣ በቃልም ነገርኩት። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ሌላው ተሰላፊ መጣ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ልጁ ብሶበታል፣ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል። ጠርሙሱን ተቀብዬ ሳየው አብዛኛው እንዳለ ነው። «መድኃኒቱን አልሰጡትም እንዴ?» አልኩት ተቆጥቼ። ሰውዬው ግራ ገባው። «ኧረ ሰጥቻለሁ! ልክ እንዳልሽኝ በየስምንት ሰዓቱ። ሰዓት ስለሌለኝ በየቀኑ ባለሱቁ ዘንድ እየሄድኩ፣ ስምንት ሲሞላ እጠይቀውና እሰጠዋለሁ። አንድም ቀን አላጠፋሁም።»

ይገባችኋል? በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን። በቀን ሦስት ጊዜ መውሰድ የነበረበት ልጅ በቀን አንድ ጊዜ ነው የወሰደው። አባቱ ግን እኔ ያልኩትን ሳያጓድል ፈጽሟል። በዚያ ፀሐይ ሱቅ ድረስ እየተመላለሰ።

ልጁ ተኛ፣ መርፌ ተጀመረለት፣ ዳነ። እኔ ግን የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፣ ለዚህ ነው ታሪኩን ያነሳሁት። «እኔ በትክክል ነው የጻፍኩት» ነበር ያልኩት። ለሰማ ላልሰማው ሁሉ ተናገርኩ። ገበሬ ስለሆነ ነው፣ ስላልተማረ ነው፣ ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አደረግሁት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ «ጋሼ» የምንላቸው፣ ዲፕሎማ የሌላቸው ነባር ሠራተኛ ነበሩ። ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ይድገሙልኝ ብለሽው ነበር?»

አላልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «በየ8 ሰዓቱ» ብዬ ጽፌ አላውቅም። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ብዬ እጽፋለሁ። ማንበብ ለማይችል ፖስታው ላይ በእስክርቢቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ፀሐይ አናት ላይ፣ ከዚያ ጨረቃ እሥላለሁ። ሥዕል አልችልም፣ ጨረቃዬ ሙዝ ነው የምትመስለው፣ ግን ሠርታለች። ከዚያ ደግሞ «እስቲ ይድገሙልኝ» እላለሁ።

ልጆች፣ ያኔ የገባኝ ይህ ነው። ትክክል መሆንና መልካም መሆን አንድ አይደሉም። እኔ ትክክል ነበርኩ። የሐኪሙ ትዕዛዝ ትክክል፣ መጠኑ ትክክል፣ ጽሑፌም የሚነበብ። የጎደለው የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ነበር። ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ ብላችሁ ውሸት ነው። ያየሁት በአብዛኛው የድርሻውን በትክክል ሠርቶ፣ የሰጠው ነገር ይድረስ አይድረስ ግድ የሌለውን ሰው ነው። ራሴን ጨምሮ።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው «እሺ» የምትለው ቃል ናት። እሺ ማለት ገባኝ ማለት ሊሆን ይችላል። አልገባኝም ግን አፍሬያለሁ ማለትም ሊሆን ይችላል። ከኋላዬ ሰው ቆሟል ልሂድልህ ማለት ሊሆን ይችላል። አላደርገውም ማለትም ይሆናል። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ትልቅ ሰውን ከልጅ ፊት አንገት ያስደፋል። «አልገባኝም ልጄ» ማለት ለአንድ የ60 ዓመት አባወራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ይሉኝታን በደፈናው አልኮንንም፣ ስንት ነውር የሚከለክለን እሱ ነው። ግን ከመስኮቱ ወዲህ ያለነው፣ ነጭ ጋውን የለበስነው፣ ማህተም የያዝነው፣ የሰውን እሺ ተቀብለን የምንሸኝ ከሆነ በይሉኝታው እየነገድንበት ነው።

የስኳር ሕመምተኞች በመርፌ በሚወስዱት ኢንሱሊን ላይም ያው ገጥሞኛል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይበላሻል። ለአንዲት እናት «ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት» አልኳቸው። እሺ አሉ። ለካ ፍሪጅ የላቸውም። ጎረቤት አስቀምጠውት፣ ጠዋት በር ማንኳኳት እየከበዳቸው መርፌውን የሚዘሉበት ቀን ነበር። ይህን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ፣ እሱም ከልጃቸው ነው። «ፍሪጅ አለዎት?» ሦስት ሰከንድ የማይፈጅ ጥያቄ ነው! ብጠይቅ ኖሮ የተከፈተውን ጠርሙስ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ብዙ በማያልፍ ጥላ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል መጠቀም እንደሚቻል እነግራቸው ነበር። እንደኛ ባለ ቆላ ደግሞ በእርጥብ አሸዋ መሃል በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ማቀዝቀዝ አለ። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ውሃ በእንስራ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው። እሳቸው ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእንስራ ውሃ የቀዱ ሴት ናቸው። የጠየቃቸው ሰው ነው የጠፋው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ አዲስ አበባ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ኢንሱሊን ከገበያ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ባለቤቱ «ያለውን አታውጪው፣ በሳምንት ውስጥ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ። ተከራከርኩት ብል ደስ ባለኝ። አልተከራከርኩም። ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ደግሞም ዕቃው የእሱ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። የመጀመሪያ ቀን ለሦስት ሰው «የለም» አልኩ። ሁለተኛው ቀን ቀለለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው፣ እኔ በሁለት ቀን ውስጥ ነው የተወሰድኩት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ባዶ ጠርሙስ በመዳፏ ይዛ መጣች። «ለልጄ ነው፣ ሰባተኛ መድኃኒት ቤት ነው ይሄ» አለችኝ። አፌን ከፍቼ «የለም» ልል ስል ከጀርባዬ ፍሪጁ ጉርርር ብሎ ተነሣ። ሞተሩ አልፎ አልፎ እንዲህ ይንጫጫል፣ ሌላ ጊዜ ልብ ብየው አላውቅም። ሴትየዋ ወደ ፍሪጁ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም አልተናገረችም።

«ቆይ፣ አንድ ተርፎ እንደሆነ ልየው» አልኳት። ዋሸሁ። ሃያ ነበር። አንድ አውጥቼ በድሮው ዋጋ ሰጠኋት። እንግዲህ የእኔ ጀግንነት ይህችው ናት፣ በውሸት ላይ ሌላ ውሸት ጨምሬ። ማታ ለባለቤቱ ነገርኩት፣ ከነገ ጀምሮ የጠየቀኝን ሰው የለም እንደማልል ጨምሬ። «አንቺ ነጋዴ አይደለሽም» አለኝ። አላባረረኝም። ሌላ ሠራተኛ ማግኘት ስለከበደው ይሁን አፍሮ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነው። ትምህርት ቤት ተምሬው ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ፍሪጁን ዘግቼ በቆምኩባቸው ሦስት ቀናት ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ስለዚህ «አውቃለሁ» በሚለው ብዙ አትመኩ።

አሁን አሁን ቲክቶክ ላይ ለተቸገረ ሰው እየሰጡ የሚቀርጹ ወጣቶችን አያለሁ። አንዳንዱ ብዙ ሰው እንደሚያነቃቃ አልክድም። ግን የሚቀበሉት ሰዎች ፊት ላይ ያችኑ እሺ አያታለሁ። ካሜራ ፊት ቆሞ እምቢ ማለት የማይቻልባት እሺ። ይቺ የእኔ ወፈፍ ናት፣ እናልፋት።

አበበች ጎበናን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በወሎው ረሃብ ጊዜ፣ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በመንገድ ላይ ከሞተች እናቷ ጡት ሥር ያለች ሕፃን አገኙ። ሲነገር የምንሰማው በኋላ ስለተሠራው ድርጅት፣ ስላደጉት ልጆች ብዛት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መጀመሪያው ነው። ለመሳለም የወጣ ምእመን እንጂ ሕፃናት ማሳደጊያ ሊከፍት የወጣ ሰው አልነበሩም። ያላቸው ዳቦና ጠበል ነበር። ዳቦ ሰጥቶ መሄድ ይቻል ነበር፣ ማንም አይወቅሳቸውም፣ ትክክልም ነበር። እሳቸው ግን «ከዳቦው በኋላስ?» ብለው የጠየቁ ነው የሚመስለኝ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፣ በዓመት ውስጥ 21 ደረሱ፣ ትዳራቸውንም አስከፈላቸው።

ሁላችንም እንደዚያ እንሁን እያልኩ አይደለም። እኔ አልሆንኩም። እንዲያውም የምትጠይቁት ጥያቄ እንደሚያስከፍላችሁ ቀድማችሁ እወቁት። ሰልፉ ይረዝማል፣ ከኋላ ያለው ይጮሃል፣ አለቃችሁ ሰዓቱን ያያል። እኔ 200 ሰው በሚሰለፍበት ቀን ለሁሉም «ይድገሙልኝ» ብያለሁ ብላችሁ እግዜርም አይምረኝ። ስንቱን በእሺው ሸኝቻለሁ። ፊቱን አይቼ የምጠረጥረውን ግን ላለማለፍ እሞክር ነበር፣ እሱም አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የሚሳካልኝ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ሥራዬ ትርጉም የለውም እያለ ሲያማርር አንድ ነገር አመለጠው። «ደግሞ አንዲት እናት አሉ፣ ሌላው መስኮት ባዶ ሆኖ እንኳ የእኔን ካልሆነ ብለው ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ» አለ፣ እንደ ጣጣ ቆጥሮት። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፣ በየወሩ ትልክላቸዋለች። ለምን አንተን ይጠብቃሉ ስለው «እንጃ፣ ስንት እንደገባና ስንት እንደቀረ ቀስ ብዬ ስለምነግራቸው ይሆናል፣ የጎረቤት ሰው አጠገባቸው ከቆመ ደግሞ ዞር እንዲል እነግረዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወደ ኤንጂኦው ተመለሰ! አንተ ልጅ፣ ከፈለግህ ልቀቅ፣ ደመወዙም አነስተኛ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሴትዮዋን ለማን እንደምታስረክባቸው ሳታስብ እንዳትወጣ።

ባለፈው ሳምንት የራሴን የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ሰፈር ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ልጅ እግር ነው፣ አንድ ጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ ሰክቷል። ወይ ጉድ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሊነግረኝ ነው ብዬ ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ወረቀቱን ሰጠሁት። መድኃኒቱን አወጣ፣ ቀኑን አየ፣ ማዳመጫውን ነቀለና «እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ፍሬ ነው የሚውጡት፣ ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡት» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ቆሜ ደገምኩለት። «ጎበዝ» አለኝ።