ክንፉ ላይ የፈሰሰ ማጣበቂያ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከልጄ ጋር የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴል ስንገጣጥም ማጣበቂያው ክንፉ ላይ ፈሰሰ። በጣቴ ብጠርገው ባሰበት፤ አሻራዬ ታትሞ ቀረ። የአብራሪው መስኮትም በሱፐር ግሉ ስናጣብቀው ጉም ለበሰ። በአሴቶን ልጥረገው ወይስ ቀለሙ ይሸፍነዋል?»

አሴቶኑን እባክዎ አይንኩት። ቀለሙም አይሸፍነውም፤ እንዲያውም ስስ ቀለም ሲያርፍበት አሻራዎ አሁን ከሚታየው በላይ ጎልቶ ይወጣል።

እነዚህ ሞዴሎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከፖሊስታይሪን ነው። የሞዴል ማጣበቂያ ደግሞ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ሁለቱን ክፍሎች ያዋህዳል። ስለዚህ ክንፉ ላይ የሚታየው ጠባሳ የቀለጠው ፕላስቲክ ራሱ ነው፤ ተጠርጎ የሚነሣ ነገር የለም። አሴቶን፣ አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ የመኪና ቀለም ቲነርና ቤንዚን ሁሉም ያንኑ ፕላስቲክ ያሟሙታል፤ ጠባሳውን ያሰፉታል እንጂ አያጠፉትም።

መጀመሪያ ይተዉት። ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ የደረቀ ቢመስልም ሥሩ ለስላሳ ነው። ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ማጣበቂያው ወፍራም ከነበረ 48 ሰዓት ይቆይ። ልጆች በዚህ ላይ ትዕግሥት እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ሆኖም ሳይደርቅ የተሞረደ ቦታ ውስጡ የቀረው ፈሳሽ ሲተን ይሰረጉዳል፤ ይህም ቀለም ከተቀባ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ በውኃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ያስፈልግዎታል። ሶማሌ ተራም ሆነ ተክለ ሃይማኖት፣ የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆችን ይጠይቁ። ለክንፉ 600፣ 1000 እና 1500 ቁጥር ይበቃዎታል፤ ለመስኮቱ 2000 ቁጥርም ይጨምሩ። ወረቀቱን በላጲስ ላይ ጠቅልለው፣ ሳሙና ጠብ ባለበት ውኃ እያራሱ፣ ሳይጫኑ በክብ በክብ ይሹት። በጣት ብቻ ከሠሩ ጣትዎ ያረፈበት ቦታ ይጎደጉዳል። በየጊዜው ጠርገው ክንፉን ወደ መስኮት ብርሃን አግድም ያዘንብሉት፤ የአሻራው መስመሮች እንደ ጥቁር ፀጉር ሆነው ይታያሉ። እስኪጠፉ ድረስ በ600 ይቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች የ600ን ጭረት ለማለስለስ ብቻ ናቸው። በፒያሳ የሕንፃ ማኬት ስንሠራም የምንፈርደው በዚህ የጎን ብርሃን ነው፤ ፊት ለፊት የሚያበራ አምፖል ያታልላል።

ክንፉ ላይ የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮች በማጣበቂያው ከተደፈኑ፣ ናስትሮ ደራርበው እንደ ማስመሪያ ይለጥፉና በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለው ደጋግመው ይሳቡ። በአንድ ጊዜ መጫን መርፌውን ከመስመር ያወጣዋል። ጉድጓድ ከቀረ በስቱኮ ሞልተው፣ ሲደርቅ መልሰው ይሹት።

የመስኮቱ ጉም ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የሱፐር ግሉ ትነት ላዩ ላይ አርፎ የደረቀው ነው። በ1500 ከዚያም በ2000 በውኃ እያለሰለሱ፣ በመጨረሻ በጥርስ ሳሙናና በጥጥ ጨርቅ ቢወለውሉት ይጠራል። ጉሙ ከውስጥ በኩል ከሆነ ግን መስኮቱን መንቀል ግድ ነው፤ ምላጭ በስፌቱ ውስጥ በጥንቃቄ ያስገቡ፣ ይህንንም ለልጅዎ አይተዉት። መልሰው ሲያጣብቁት ነጭ የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ፤ ሲደርቅ መስታወት ይመስላል፣ የተረፈውም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል።

ሁሉንም ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ የጣት ወዝ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። ከዚያ መስኮቱን በናስትሮ ሸፍነው ስስ ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚነፋ መነሻ ቀለም፣ ይንፉ። የቀረ ጠባሳ ካለ ይታያል፤ ያንን ብቻ በ1000 መልሰው ይሹት። የመኪና እስፕሬይ ከሆነ የገዙት፣ ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ፍሬም ቁራጭ ላይ አስቀድመው ይሞክሩት። አንዳንዱ ፕላስቲኩን ይበላዋል።