ታንክህን አሻንጉሊት ያስመሰለው ውፍረቱ ነው

ከአዳማ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ዱባይ ያለችው አክስቴ የቲ-55 ታንክ ኪት (ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል) ላከችልኝ፤ መጠኑ 1/35 ነው። አባቴ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ ታንከኛ ነበር። ለየካቲት 26፣ ለካራማራ ቀን ልሰጠው አስቤያለሁ። ገጣጥሜ ጨርሻለሁ፣ ቀለም ግን ገና ነው። ችግሩ አሻንጉሊት ይመስላል። ውጭ አገር ለማሳመሪያ የሚሸጡት የነሐስ ክፍሎች እዚህ አይገኙም። ምን ልጨምርበት?»

ወንድሜ፣ የላክልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። አገጣጠምህ ንጹሕ ነው። መጨመር ያለባቸው ነገሮች አሉ፣ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን የሚሳሳውን እናሳሳ።

1/35 ማለት ሞዴሉ ላይ ያለ 1 ሚሊሜትር እውነተኛው ታንክ ላይ 35 ሚሊሜትር ነው። ከሰንሰለቱ በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ጠርዙን ለካው። 1 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ፣ የሠራኸው ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ፓራፋንጎ ነው። እውነተኛው ግን ጭቃ መከላከያ ነው፤ ስስ ላሜራ። ጥይት የሚመክተው የቲ-55 የፊት ብረት ደግሞ 100 ሚሊሜትር ነው፤ ሞዴሉ ላይ ወደ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። ዓይን ይህን ሒሳብ ቁጭ ብሎ አይሠራም፣ ግን ይሰማዋል። ወፍራሙና ስሱ ሲቀራረቡ «ፕላስቲክ ነው» ይላል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ፕላስቲክ ከልክ በላይ ከሳሳ ሻጋታውን በደንብ ስለማይሞላ ፋብሪካዎች አወፍረው ያወጡታል።

መፍትሔው የለስላሳ ጣሳ ነው። የጣሳው ጎን 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ35 ስታባዛው 3.5 ሚሊሜትር ይመጣል። ይሄ የላሜራ ውፍረት ነው! ጣሳውን በመቀስ ክፈተውና በክብ እንጨት ላይ እያሸህ አቅናው። ሁለቱንም ገጽ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈትገው። ውስጡ ሽፋን፣ ውጩ ደግሞ ቀለም ስላለው ሳትፈትግ ካጣበቅከው በኋላ ይላቀቃል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ ጓንት አድርግ። ፓራፋንጎውን በሙሉ መቀየር አያስፈልግህም። የፊቱንና የኋላውን ጫፍ ብቻ ቆርጠህ በጣሳ ተካ። ከዚያ አንዱን ጥግ በፒንሳ ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው። ግንብ ወይም ዛፍ ያልነካ ታንክ የለም፣ ፓራፋንጎ ደግሞ ሁሌም ቀድሞ የሚጎዳው ነው። ከፊት ለፊት ተዳፋቱ ላይ ያለችውን የውሃና የጭቃ መመለሻ ላሜራም እንዲሁ አድርጋት። መለወጥ ካልፈለግህ ከኋላዋ በኩል ጠርዟን በምላጭ ፋቅ አድርገህ አሳሳት። ዓይን የሚያየው ጠርዙን ነው፤ መሃሉ ወፍራም ሆኖ ቢቀር ማንም አያውቅብህም።

ቀጥሎ እጀታዎቹ። ማማው፣ ማለትም መድፉን የያዘው የሚዞረው የላይኛው ክፍል፣ ዙሪያውን እግረኛ ወታደር የሚይዛቸው ዘንጎች አሉት። ኪትህ ላይ ከማማው ጋር ተጣብቀው የወጡ ከሆነ በምላጭ አንሳቸው። በእጀታና በማማ መካከል ብርሃን ማለፍ አለበት። ግማሽ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ውሰድ፤ እውነተኛው ላይ 17 ሚሊሜትር ያህል ዘንግ ይሆናል፣ ለእጅ የሚመች ውፍረት ነው። ሁሉም እኩል እንዲወጡ ሽቦውን በአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ እያጠፍክ ሥራ። ቀዳዳዎቹን በእጅ በሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ ብሳ፣ በወረንጦ አስገባና ከውስጥ በኩል በሱፐር ግሉ ያዝ።

የመጎተቻ ገመዱን ከኪቱ ፕላስቲክ አትጠቀም። የኤሌክትሪክ ገመድ ልጠህ ሰባት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አውጣ። ሻማ ላይ አሙቀህ አቀዝቅዛቸው፤ መዳብ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል፣ ተመልሶ አይፈናጠርም። አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ፣ ሌላውን ትራፓኖ አፍ ላይ አስረህ ወጠር አድርገህ በዝግታ አዙር። ከኪቱ ገመድ ላይ የጫፉን ቀለበቶች ብቻ ቆርጠህ አስቀር፣ ብሳቸውና አዲሱን ገመድ ሰካባቸው። ገመዱ በራሱ ክብደት የተኛ መምሰል አለበት። አየር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት ገመድ ዓይን ያስቀይማል።

አሁን ብየዳ። ቲ-55 በቡሎን የተያያዘ ሣጥን አይደለም። አካሉ የተበየደ ብረት ነው። ማማው ቀልጦ በሻጋታ የፈሰሰ ሲሆን ጣሪያው ላይ ሁለት የተበየዱ ሳህኖች አሉ። የብየዳውን መስመር ለመሥራት ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ሻማ አጠገብ ያዘው። እሳቱን አያስነካ። ለስለስ ብሎ ሲወርድ ከሙቀቱ አርቀህ ሳብ፣ ክር ይሆንልሃል። ክሩን መጋጠሚያው ላይ አስቀምጠህ ቀጭኑን የሞዴል ማጣበቂያ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀባው። ሲለሰልስ በቢላ ጫፍ ጠጋ ጠጋ አድርገህ ጫን። የበያጅ እጅ እኩል አይሄድም፣ ያንተም አይሂድ። ለማማው ጎን ደግሞ ስቱኮ በዚያው ማጣበቂያ አቅጥነህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነካ ነካ አድርገው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ ሸካራነቱ በጣት ይዳሰስ እንጂ ከሩቅ አይታይ። መስኮት ከፍተህ ሥራ፣ ሽታው ራስ ያዞራል።

የምትጨምረውን ነገር ሁሉ «ይሄ ሥራው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀው። የፊት መብራት ካለ ኤሌክትሪክ የሚያመጣለት ሽቦ አለ፤ ከመብራቱ ጀርባ ወጥቶ ወደ አካሉ ይገባል። ቀጭን የስታኞ ሽቦ ለዚህ ይሆናል። በቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ያሉት የነዳጅ ሣጥኖች እርስ በርስ በቧንቧ ይገናኛሉ። ብዙ ኪት ይህን ይረሳል። በግራ በኩል ያለው ማርሚታ አፉ ክፍት መሆን አለበት። የመድፉም አፍ እንዲሁ፤ 100 ሚሊሜትር ስለሆነ ወደ 3 ሚሊሜትር በሚጠጋ ቀዳዳ ክፈተው። ከኋላ የሚታሰረው ግንድ ታንኩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ከሰንሰለቱ ሥር የሚገባ ነው። ከግቢ ቀጭን ጭራሮ ለቅመህ ልጣጩን አንሳና ተጠቀም።

የመብራቱን መስታወት በሱፐር ግሉ እንዳታጣብቅ። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌው ጭሱ መስታወቱን በአንድ ሌሊት ነጭ አደረገው፤ የሦስት ሳምንት ሥራ ላይ። ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል።

ሰንሰለቱ ላይ ጊዜ ስጥ። ቲ-55 ከላይ በኩል ሰንሰለቱን የሚሸከሙ ትንንሽ ሮለሮች የሉትም። ስለዚህ የላይኛው ሰንሰለት ረገብ ብሎ ጎማዎቹ ላይ ይተኛል። ያንተ እንደ ቀበቶ ተወጥሯል። ታንከኛ የነበረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ይመስለኛል። የላስቲክ ሰንሰለት ከሆነ በሰንሰለቱና በፓራፋንጎው መካከል የስፖንጅ ቁራጭ ጠቅጥቀህ ወደ ታች ጫነው፣ ጎማዎቹ ጫፍ ላይ በሱፐር ግሉ ያዘው። ሲደርቅ ስፖንጁን አውጣ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። በየመንገዱ ዳር ተቃጥለው የቀሩ ታንኮችን ፎቶ አይተህ ዝገት እንዳትደፋበት። ያ የእሳትና የብዙ ክረምት ዝገት ነው፤ የሚሠራ ታንክ እንደዚያ አይዝግም። ለቅርጽና ለብየዳ ግን ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በፎቶ ብቻ እያቸው፤ ዙሪያቸው ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሄደህ አትውጣባቸው። የተፋቀ ቀለም የሚኖረው እጅና እግር በሚያርፍበት ነው። እዚያ ጠርዙን በለስላሳ እርሳስ አሸት አድርገው፣ እንደ ብረት ያበራል።

የትኛው ቦታ እንደሚፋቅ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ቤትህ አለ። ሹፌሩ በግራ ከፊት፣ መድፉን የሚያጎርሰው በማማው ቀኝ፣ አዛዡና ተኳሹ በግራ ነበሩ። አባትህ የቱ ጋ ነበሩ? ሲወጡ እግራቸውን የት ያሳርፉ ነበር? ብርድ ልብሳቸውንና ጀሪካኑን የት ያስሩ ነበር? ስጦታው እስኪደርስ ሚስጥር ማድረግ ከፈለግህ ቡና ላይ ስለ ኦጋዴን ጨዋታ አንሳና በዚያው ጠይቃቸው። የነገሩህን ጻፍልኝ፤ የጀሪካኑን ማሰሪያ ከምን እንደምንሠራው አብረን እናያለን።