ቅጠሉን የሚሸከሙት ለራሳቸው አይደለም

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ልጄ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየ ነበር። ጉንዳኖች የቅጠል ቁራጭ ተሸክመው በሰልፍ ሲሄዱ አየና "እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ቅጠል መቼ ሊጨርሱት ነው?" አለኝ። ስንቅ እያስገቡ ነው ብዬ መለስኩለት። ትክክል ነኝ? (ከደሴ፣ የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ደህና አድርጎ ነው የጠየቀው። ስንቅ አይደለም። ቅጠሉን አይበሉትም። ሲቆርጡ የሚወጣውን ጭማቂ ይጠጣሉ እንጂ ቅጠሉን ራሱን ሆዳቸው አይፈጨውም። እንዲህ ያሰቡት ደግሞ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ድሮ ተመራማሪዎችም ጭምር ቅጠሉን የሚበሉት ይመስላቸው ነበር። ቶማስ ቤልት የሚባል እንግሊዛዊ የማዕድን መሐንዲስ ኒካራጓ ውስጥ ጎጆአቸውን ቆፍሮ አይቶ በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ነው ነገሩ የተገለጠው፦ ቅጠሉ ከመሬት በታች ላለ የፈንገስ (የሻጋታና የጅብ ጥላ ወገን) እርሻ ነው የሚገባው። ፈንገሱ ቅጠሉን ይበላል፣ እነሱ ፈንገሱን ይበላሉ።

እነዚህ ጉንዳኖች የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፤ ከቴክሳስ እስከ አርጀንቲና። በብዛት የሚታወቁት አታ እና አክሮሚርሜክስ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። አንድ የጎለመሰ የአታ ጎጆ ውስጥ ሚሊዮኖች ይኖራሉ።

ከልጅዎ ጋር ቪዲዮውን እንደገና ክፈቱትና ቀስ ብላችሁ እዩት። ቆራጯ የኋላ እግሮቿን ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ትተክልና በእነሱ ዙሪያ እየዞረች ትቆርጣለች፤ ቁራጩ ግማሽ ክብ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ከራሷ በላይ አንስታው ትነጉዳለች። አንዳንዴ ቁራጩ ላይ ሌላ በጣም ትንሽዬ ጉንዳን ተቀምጣ ታያላችሁ። ሰነፍ ሆና አይደለም! ተሸካሚዋ አፏም ስለተያዘ ራሷን መከላከል አትችልም፣ እንቁላሏን ጉንዳን ላይ የምትጥል ጥገኛ ዝንብ ደግሞ አለች፤ ትንሿ ተሸካሚዋን ከዚያች ዝንብ እየጠበቀቻት ነው።

ቅጠሉ ጎጆ ሲደርስ ሌሎች ይረከቡታል። ይልሱታል፣ ይቆራርጡታል፣ እስኪላቁጥ ድረስ ያኝኩታል፣ ከዚያ ከሆዳቸው የሚወጣ ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበታል። እኔን በጣም የገረመኝ እዚህ ላይ ነው፦ ያ ፈሳሽ ውስጥ ከፈንገሱ ጋር የዋጧቸው ኢንዛይሞች (ምግብ የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮች) አሉ፤ ጉንዳኗ ሆድ ውስጥ ሳይበላሹ አልፈው ተመልሰው አዲሱን ቅጠል ማፍረስ ይጀምራሉ። ቀጥሎ ከአሮጌው እርሻ ላይ የፈንገስ ቁራጭ አምጥተው ይተክሉበታል። ፈንገሱ ሲያድግ የክሮቹ ጫፍ ያብጣል። ያ እብጠት ምግብ የሞላበት ነው፤ እጮቹ የሚያድጉት በእሱ ነው።

ወደ ኋላ መመለሻ ደግሞ የላቸውም። በ2011 የአንዷ ዝርያ ዘረመል ሲነበብ አርጂኒን የሚባለውን የፕሮቲን ንጥረ ነገር ለመሥራት የሚያስፈልጉ ጂኖች ጠፍተው ተገኝተዋል። ፈንገሱ ስለሚሰጣት ራሷ መሥራት ትታለች ማለት ነው። ፈንገሱም ያለ እነሱ አይሆንለትም፤ ጉንዳኖቹ ካለቁ እርሻው ብዙም ሳይቆይ በሌላ ሻጋታ ይወረራል።

አዲስ ጎጆ ሲመሠረትስ? ወጣቷ ንግሥት ለጋብቻ በረራ ስትነሳ አፏ ውስጥ ባለች ኪስ ትንሽ የፈንገስ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ጎጆ የምትወጣ ልጅ ከእናቷ ቤት እርሾ እንደምትወስደው ነው። ከወንዶቹ ጋር ከተገናኘች በኋላ ክንፏን ትጥላለች፣ መሬት ትቆፍራለች፣ ቁራሹን ትተፋዋለች፣ በገዛ ኩሷ እያዳበረች ታሳድገዋለች። የአታዋ ንግሥት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪደርሱ ድረስ ከእሱ አትበላም፤ በሰውነቷ ባለው ስብና ከእንግዲህ በማያስፈልጋት የክንፍ ጡንቻ ነው የምትቆየው። ያቺ ቁራሽ ከሞተች ጎጆው አብሮ ይሞታል።

ጥያቄ፦ የግብርና ተማሪ ነኝ። አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ የተዘራበት ማሳ በሽታ ከገባበት ጠራርጎ ነው የሚወስደው። አንድ ፈንገስ ብቻ የሚያርሱት ጉንዳኖችስ እንዴት ቻሉት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሽታው እነሱ ዘንድም አለ። ኤስኮቮፕሲስ የሚባል ሌላ ፈንገስ እርሻቸው ላይ ይበቅላል፤ ቸል ከተባለ ጎጆውን ሊያጠፋ ይችላል። ጉንዳኖቹ ያርማሉ። የተበከለውን ቦታ ቆርጠው ያወጣሉ፣ የሻጋታውን ዘር እየላሱ ይለቅማሉ፣ ቆሻሻውን ከእርሻው ራቅ አድርገው ይጥላሉ። ቆሻሻው ጋ የሚሠሩት በአብዛኛው ያረጁት ናቸው፤ ከእርሻው ጋር እንዳይነካኩም ይደረጋል።

መድኃኒትም አላቸው። አክሮሚርሜክስ ጉንዳኖች ገላ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል። በ1999 ካሜሮን ኬሪ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያ ነጭ ነገር ባክቴሪያ መሆኑንና ኤስኮቮፕሲስን የሚገታ አንቲባዮቲክ እንደሚያመርት አሳዩ። አታዎቹ ግን ያ ባክቴሪያ ገላቸው ላይ ስለማይታይ ይበልጥ የሚተማመኑት ከዕጢዎቻቸው በሚወጣ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ነው።

ለአንተ ደግሞ አንድ ልጨምርልህ። ተመራማሪዎች ፈንገስ ገዳይ መድኃኒት የተቀላቀለበት ምግብ ሰጥተዋቸው ነበር። ለጉንዳኖቹ ጉዳት ስለሌለው መጀመሪያ ላይ አንስተው ወሰዱት። ቆይተው ግን ያንን ምግብ እምቢ አሉ፣ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳዩንም ጭምር። የታመመው ፈንገሱ ነው፣ የተማሩት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ አዝመራ መራጩ ማነው ብትለኝ፣ በእኔ ግምት ጉንዳኗ ብቻ አይደለችም።

ጥያቄ፦ እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ጉንዳን አለ? ኩይሳ ላይ ክረምት ክረምት የጅብ ጥላ ይበቅላል፣ ይገናኛሉ እንዴ? ይበላልስ? (ከነቀምቴ)

መልስ፦ ቅጠል ቆራጯ ጉንዳን አፍሪካ ውስጥ የለችም። የጅብ ጥላውን ግን በትክክል አይተኸዋል። ኩይሳ ከሚሠሩት ምስጦች ውስጥ ማክሮተርመስ የሚባሉት ራሳቸው ፈንገስ አርቢዎች ናቸው። ምስጥና ጉንዳን ዘመድ አይደሉም፤ የምስጥ የቅርብ ዘመዱ በረሮ ነው። ይሄን ሙያ የጀመሩትም ለየብቻ ነው፤ ምስጦቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ።

የደረቀ እንጨትና ሣር በልተው ኩሳቸውን ኩይሳው ውስጥ ይከምሩታል፣ ተርሚቶማይሴስ የሚባለው ፈንገስ እሱ ላይ ያድጋል፣ ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ይሰብርላቸዋል፣ ከዚያ መልሰው ይበሉታል። ዝናብ ሲመጣ ፈንገሱ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ያየኸው የጅብ ጥላ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከጉንዳኖቹ የሚለየው፣ አብዛኞቹ ምስጦች አዲስ ኩይሳ ሲጀምሩ ፈንገሱን ከወላጅ ቤት ይዘው አይወጡም፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ዘሩን ከውጭ ለቅመው ያስገባሉ።

ይበላል ወይ ለሚለው፣ አዎ፣ ተርሚቶማይሴስ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይበላል፣ በእኛም በደቡብ ምዕራብ በኩል። ግን ኩይሳ አጠገብ የበቀለ ሁሉ እሱ አይደለም፤ መርዛማ አለ። ለይቶ የሚያውቅ የአካባቢው ሽማግሌ ሳያይልህ ድስት ውስጥ እንዳታስገባው።