መልስ፦ አባታቸው አንድ ሆኖ ጫጩቶቹ ለምን ተለያዩ?

ጥያቄህ፣ አንድ ወንድ ዓሣ ከሁለት ሴቶች ጋር አዳቅለህ የአንዷ ጫጩቶች ከሌላዋ ለምን ደቀቁ የሚል ነው። አባቱም ውኃውም መኖውም አንድ ከሆነ፣ ምክንያቱን እንቁላሉ ውስጥ ፈልግ። ጽንሱ መጀመሪያ ላይ የሚመራው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት አር ኤን ኤ (የጂን መልእክት ቅጂ) እና ፕሮቲን ነው፤ ዜብራፊሽ በምትባለው ትንሽ የምርምር ዓሣ የጽንሱ የራሱ ጂኖች በስፋት ሥራ የሚጀምሩት ከተዳቀለ ከ3 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያም አፉ ተከፍቶ መብላት እስኪጀምር ስንቁ አስኳሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም እናቶች እንቁላል በማይክሮስኮፕ ለካ፤ እናቶቹንም መዝን።

ግን «ዘሯ ደካማ ነው» ብለህ ሴቷን ለማስወገድ አትቸኩል። ሆዷን ጫን ብለህ እንቁላል የምታወጣ ከሆነ ጊዜውን ተጠራጠር። እኔ እንዳየሁት፣ በስሎ ሆዷ ውስጥ የቆየ እንቁላል ጀርባው የጠመመ ጫጩት ያበዛል። በሚቀጥለው ዙር ሴቷን በደንብ አብላት፣ እንቁላሉንም ሳይዘገይ አውጣውና ያኔ ፍረድ።